ኳሷ ከመድረሷ በፊት

ጃሚዓ ሰፈር ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ጅዳን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ከዚህ ሰፈር ስለ ትምህርት የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑ፣ ባለፈው ዓመት በመኖሪያ ቤታችን የሆነውን ለማካፈል ወደድን።

በቤታችን ካለነው አምስት ተማሪዎች ሁለታችን ሕክምና ስናጠና፣ አንዱ ወንድማችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነበር። እርሱም ለመመረቂያው ራሱን ችሎ የሚጫወት የፒንቦል መኪና ሊሠራ ተነሣ። ፒንቦል ማለት በመስተዋት ሥር፣ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ የምትንከባለለውን የብረት ኳስ ተጫዋቹ ከታች ባሉት ሁለት መምቻዎች ወደ ላይ የሚመልስበት ጨዋታ ነው፤ በጆተኒ ላይ ያደገ ሰው ጠባዩን ቶሎ ይረዳዋል። አሮጌ መኪና ከሐራጅ ተገዛ። ገንዘቡ ስላልበቃው ሁላችንም ከወር አበላችን አዋጣን፤ የቀረውንም ወር በፉልና በተሚስ ገፋነው። ሥራው ካልተሳካ ዓመቱን መድገሙ ነው፤ የስኮላርሺፑ ዘመን ግን ለተጨማሪ ዓመት አይበቃም ነበር።

ገና ሲጀመር ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ዕድል ነው፤ ቁማር ነው» አለ። ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። የኒውዮርክ ከተማም ፒንቦልን ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ቁማር ቆጥራ ከልክላው ነበር። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ተጫዋች በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ቀርቦ፣ ኳሷ በመካከለኛው መንገድ እንደምታልፍ አስቀድሞ ተናገረና ለቀቃት፤ እንዳለውም አለፈች። እገዳውም በዚያው ዓመት ተነሣ። ይህን ስንነግረው ተከራካሪያችን «እንግዲያው መኪናችሁ አስቀድሞ ይናገርና እንይ» ብሎ ዝም አለ።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ከላይ የተሰቀለው ካሜራ ኳሷን መምቻው ዘንድ ሲያያት ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ መምቻው ግን ሁልጊዜ ባዶውን ይመታል። ወንድማችን ተበሳጭቶ «እናንተ ዶክተሮች፣ እስቲ የዚህን በሽታ ንገሩኝ!» አለን።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ሰሌዳው 6.5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። በዚህ ላይ የምትንከባለል ኳስ ፍጥነቷ በየሴኮንዱ በ0.79 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ያለ ግፊት ብትለቀቅ ታች ስትደርስ በሴኮንድ 1.26 ሜትር ትሄዳለች። ካሜራው አይቶ፣ ኮምፒዩተሩ አስቦ፣ ማግኔቱ መምቻውን እስኪስብ ድረስ የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያልፍ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኳሷ ከ12 ሴንቲሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ይህም ከመምቻው ርዝመት ይበልጣል። መኪናው የሚመታው እንግዲህ ኳሷ የነበረችበትን ቦታ ነበር።

ከዚህ ላይ ትምህርታችን ትዝ አለን። በዚያ ሰሞን ሴሬቤለም የሚባለው የአንጎላቸው የኋላ ክፍል የተጎዳባቸው አንድ አዛውንት አይተን ነበር። ጣታቸውን ከአፍንጫቸው ወደ መምህራችን ጣት እንዲወስዱ ሲጠየቁ እጃቸው ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ ሊያርሙት ሲሉም ይንቀጠቀጣል። ዓይናቸው ያያል፣ ጡንቻቸውም አልደከመም። እኛ ጤነኞቹም ብንሆን ድንገት ላየነው ነገር እጃችን እስኪንቀሳቀስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅብናል። በልጅነታችን የተወረወረ ኳስ መቅለብ የቻልነው አንጎላችን የምትደርስበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚገምት ነው። መኪናው የጎደለው ይኸው ነበር።

ወንድማችን ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ያወጣውን ዘዴ አገኘ፦ መገመት፣ ማየት፣ ግምትን ማረም፣ እንደገና መገመት። ካሜራው በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚያይ ግምቱም 60 ጊዜ ይታረማል። መምቻው ኳሷን ማግኘት ጀመረ። ሆኖም ከላይ ያሉት ክብ እንቅፋቶች አልተበገሩለትም። ኳሷ በእነርሱ ላይ ስትነጥር፣ የፀጉር ያህል ስሕተት በእያንዳንዱ ግጭት እያደገ ስለሚሄድ ከጥቂት ግጭት በኋላ ግምቱ ዋጋ ያጣል። ይህን ለማሸነፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ እንቅልፍ ከረመ። በመጨረሻ የረዳው መተው ነበር፤ ኳሷ ከላይ ስትጋጭ መኪናው ዝም ብሎ ያያታል፣ ከመጨረሻው እንቅፋት ስትላቀቅ ብቻ ይገምታል።

በፈተናው ቀን መኪናው ኳሷን ዐሥራ አንድ ጊዜ መለሳት። በዐሥራ ሁለተኛው በሁለቱ መምቻዎች መካከል ቀጥ ብላ ወረደች። ከፈታኞቹ አንዱ «ይህንንስ ለምን አልገመተም?» ሲል ጠየቀ።

ወንድማችን «ገምቶታል፤ ክንዱ ነው ያልደረሰው» ብሎ መለሰ።

አለፈ፤ ተመርቆም አገር ቤት ገባ። እኛም በየሕሙማኑ አልጋ ስናልፍ ይህን መልሱን ደጋግመን አስታውሰነዋል፤ የአዛውንቱ ልጅ «አባቴ እንደገና ሲኒ ይይዛሉን?» ብሎ በጠየቀን ዕለትማ ይበልጥ። መኪናው እስከ ዛሬ በሳሎናችን ቆሟል፤ የግራው መምቻ አሁንም ጥቂት ይዘገያል። ከአንባብያን መካከል ሥራውን ሊቀጥል የሚወድ ወንድም ወይም እኅት ቢገኝ፣ መኪናውንም ፉልና ተሚሱንም በደስታ እናካፍላለን።