ስለ ሰላም የሚደረግ ልመና

ልጆች ሆይ፤ ማታ በቤታችን ስንጸልይ፥ በቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴ ሲቀደስ፥ እግዚአብሔር ለዓለም ሰላምን እንዲሰጥ እንለምናለን። ቃሉን ከሕፃንነታችን ጀምረን ስለ ለመድነው ብዙ ጊዜ ሳናስብ እንናገረዋለን። ነገር ግን ሰላምን መለመን ከባድ ልመና ነው። ከደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ የሆነውን ብትሰሙ ይህ ይገባችኋል። ልቼ ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር ሌላ ከተማ ያደረጉባት ስፍራ ናት።

በ1870 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ከብዙ ሠራዊት ጋራ ወደ ሸዋ ገቡ። ንጉሥ ምኒልክም ሠራዊታቸውን ሰብስበው ጠበቁ። የጠቡም ምክንያት ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ስለ ነበረ ነው። ሁለቱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በሁለቱም ሰፈር ካህናት ነበሩ፤ በሁለቱም ሰፈር ይጸለይ ነበር። በ1906 ዓ.ም. የአውሮፓ ክርስቲያን ነገሥታት ጦርነት በጀመሩ ጊዜም በየወገኑ እንዲሁ ተጸለየ። ሁሉ ድልን ለራሱ ብቻ ቢለምን፥ እግዚአብሔር የማንን ይስማ?

በሸዋ ግን ካህናት በመካከል እየተመላለሱ ነገሩን አበረዱት። በመጋቢት ወር ንጉሥ ምኒልክ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው በእግራቸው ወደ ዐፄ ዮሐንስ ቀረቡና ወደቁ። ዐፄ ዮሐንስም አነሡአቸው፤ የሸዋንም ንጉሥነት አጸኑላቸው።

የድንጋዩ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአገራችን ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ፥ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ሸክሙን አያወርድም። እንግዲህ አንዱ ይሸከማል፥ ሁለተኛው ያወርዳል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ ነገሥታት እንደ ገና ተቀያየሙ፤ ይሁን እንጂ እርስ በርሳቸው ሳይዋጉ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ።

የልቼን ዕርቅ ሳመሰግን አንድ ነገር መሸሸግ አልወድም። በዚያው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ ከዚያም በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ለነገሥታቱ ሰላም የሆነው ዓመት ለእነርሱ የልቅሶ ዓመት ሆነ።

በእኛም ዘመን፥ በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶርያ ከተማ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ግን በዐማራ አገር ሌላ ጦርነት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌላም ስፍራ ለተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች መጠጊያ ሆነች።

ከእነርሱ አንዲቱን አሮጊት እናት በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ አገኘኋቸው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በመጀመሪያ የተሠራችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። እናቲቱ የሞቱባቸውን ሰዎች በየስማቸው እየጠሩ ጸለዩ፤ ቀጥለውም ቤታቸውን ላቃጠሉት ሰዎች እግዚአብሔር ልብ እንዲሰጣቸው ለመኑ።

«እማማ፥ ይህን እንዴት ቻሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልቻልሁም ልጄ፤ ገና እየለመንሁ ነው» አሉኝ። «ነገር ግን እነሱ ልብ ካልገዙ እኔ መቼ አገሬ እገባለሁ?»

ይህ መልስ ስለ ተስፋ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይልቅ በልቤ ቀረ። መከራቸውን አልካዱም፤ ለጠላቶቻቸውም በጎ ነኝ አላሉም። ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ በእነዚያ ሰዎች ደጅ እንደሚያልፍ ግን ዐወቁ።

ጊዜው ግንቦት ነበረ፤ ሌሊቱንም ዝናም ጥሎ ዐድሮአል። በአገራቸው በቆሎ የሚዘራበት ወራት እንደ ሆነ ነገሩኝ። ማሳቸውን ዛሬ ማን እያረሰው እንደ ሆነ አያውቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሊሄዱ ሲነሡ፥ «ማንም ይረሰው፥ ዝናሙን አይከልክለው» አሉ።