«ሾፌር በእጁ ነው» ያልኩ ቀን

የልጅ ልጅ ፊት መፎከር ደስ ይላል። ልጅ ፊት ቢፎክሩ ልጅ ያውቃል፤ ድህነታችንንም ስህተታችንንም በዓይኑ አይቶ ነው ያደገው። የልጅ ልጅ ግን ያሉትን ሁሉ ያምናል። ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ በእራት ማዕድ ላይ የፎከርኳት አንዲት ፉከራ ልታስከፍለን የነበረውን ሳስብ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። እንደኔ ያሉ አያቶችና ወላጆች ይማሩበት ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

እኛ ቤት ሦስት ትውልድ መሪ ጨብጧል። እኔ 28 ዓመት ከባድ መኪና ነዳሁ፤ አብዛኛውን በአሰብ መስመር፣ ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢዋ። ልጄ አሜሪካ ገብቶ ታክሲ እየነዳ ነው ልጆቹን ያሳደገው። ሦስተኛው የ19 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው፤ ቤት ውስጥ አቡሽ እንለዋለን። ልጄ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ፣ ሲመኛት የኖረውን ሁለት በር ያላት ስፖርት መኪና ያገለገለች ገዛ። ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ጉልበቷ ከ400 ፈረስ በላይ ነው። የእኔ ኤንትሬ ጭነቷን ይዛ ተራራ የምትወጣበት ጉልበት ከዚህች ያነሰ ነበር። አባትየው ለቅዳሜና እሁድ ቁልፉን ለልጁም ይሰጠዋል።

የዚያን ዕለት ማታ አቡሽ ስለ መኪናዋ ሲያጫውተኝ ዳሽቦርዱ ላይ ስላለች አንዲት ቁልፍ ነገረኝ። መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክላታል፤ ቁልፏ ስትጫን ግን ያ እርዳታ ይጠፋል። «ጓደኞቼ እውነተኛ ሾፌር ያጠፋዋል ይላሉ። አባባ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። እዚያ ተወልዶ ስላደገ «አንተ» ነው የሚለኝ፤ ቅር አይለኝም። እኔም ደረቴን ነፋሁ። «በእኛ ጊዜ ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ታርማ በርን በጉም ስወርድ የያዘኝ እጄና እግሬ ነው። ሾፌር በእጁ ነው!» አልኩት። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ ያኔ እኮ ሌላ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ወጣ። እኔ ግን ጨዋታዬን ቀጠልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናትየው እንጀራ እንድንገዛ ላከችን። ካፊያ ነበር፤ የመከር ቅጠል አስፋልቱ ላይ ረግፏል። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ አቡሽ ፈገግ ብሎ አየኝና ያችን ቁልፍ ተጫናት። አየሁት። አላስቆምኩትም። መብራቱ ሲለቀን ወደ ቀኝ እየታጠፈ ቤንዚን ረገጠ። የመኪናዋ ጀርባ ወዲያው ሄደ። ልጁ ደንግጦ እግሩን በአንዴ አነሳ፤ መሪውንም ወደ ሌላኛው ወገን አብዝቶ አዞረው። ጀርባዋ አሁን በተቃራኒው ተወረወረ፤ ዞረን ዞረን በኋላ ጎማችን የመንገዱን ጠርዝ መትተን ቆምን።

በዚያች ቅጽበት እኔ፣ የ28 ዓመቱ ሾፌር፣ ምን አደረግኩ? እጄ የሌለ መሪ ፈለገ፤ እግሬ ፍሬን በሌለበት ወለሉን ረገጠ። ሌላ ምንም። ቀና ስል የቆምነው አውቶቡስ መጠበቂያ አጠገብ ነው። አግዳሚው ባዶ ነበር። ባዶ የሆነው በእኛ ጉብዝና አልነበረም።

ቸርኬው ተጣሟል፤ ጎማው ፈንድቷል። አቡሽ እጁ እየተንቀጠቀጠ «አባባ፣ ለአባዬ ምን እንበለው?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ዝናብ አንሸራተተን እንበለው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዝናቡም ነበር፤ መንሸራተቱም ነበር፤ ግማሽ እውነት ነው። ግን ይህን ካልኩ ልጁ ከእኔ የሚማረው ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል።

ማታ ልጄ ሲገባ አስቀምጬው «ቁልፏን የተጫነው የእሱ ጣት ነው፤ ያስጫነችው ግን የእኔ ምላስ ናት» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ወጥቶ መኪናዋን አየ፣ ተመለሰና «ሰው አልተጎዳም?» ብሎ ጠየቀ። አልተጎዳም። «እንግዲያው ብረት ነው» አለ። ቀጥሎ ግን ያለኝ ነገር ከቁጣ ይልቅ ከነከነኝ። «አባዬ፣ እርስዎ ለእኔ የነገሩኝን ለምን አልነገሩትም? ለእኔ ስለ እጅ መቼ ነገሩኝ? ‹በወጣህበት ማርሽ ውረድ› ነበር የሚሉኝ።»

እውነቱን ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቃታል፤ ዳገቱን በወጣህበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፣ ፍሬንህ ሳይግል ሞተሩ ይያዝህ ማለት ነው። ከታርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ያዳነኝ ኩርባው ላይ ያሳየሁት የእጅ ቅልጥፍና አልነበረም። ከላይ ሆኜ፣ ገና ምንም ሳይፈጠር የያዝኩት ማርሽ ነው። እጃቸው ከእኔ የሚፈጥን ሾፌሮች ነበሩ፤ ገደል የበላቸው። ፉከራዬ ያስቀረው ይህን ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ስለዚህ ነገር ከልጄ ጋር ሆነን ስናነብ፣ ያቃለልኩት መሣሪያ ምን እንደሆነ ገባኝ። መኪናዋ መሪው ወዴት እንደዞረ፣ እያንዳንዱ ጎማ በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር፣ አካሏም በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነ የሚለኩ ጠቋሚዎች አሏት። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል «ሾፌሩ የፈለገውና መኪናዋ የምትሄድበት አንድ ነው ወይ?» እያለ ያመሳክራል። ልዩነት ካየ የሞተሩን ጉልበት ይቀንስና ከአራቱ ጎማዎች አንዱን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። ጀርባዋ ከሸሸ በኩርባው ውጪኛ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ይይዛል፤ አፍንጫዋ አልታጠፍ ካለ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ። እንግዲህ እኔ ያለኝ የፍሬን መርገጫ አንድ ነው። የፈለገ ጎበዝ ብሆን አንዱን ጎማ ብቻ ለይቼ መያዝ አልችልም።

መሣሪያውን ቦሽና መርሴዲስ በ1995 እ.ኤ.አ. በአንድ ውድ መኪና ላይ አወጡት። ዓለም በደንብ ያወቀው ግን በ1997 ነው። ስዊድን ውስጥ፣ ድንገት መንገድ የሚያቋርጥን ትልቅ የአጋዘን ዘር ለማምለጥ መሪ እንደሚጠመዘዝ አድርገው ሲፈትኗት፣ አዲሷ የመርሴዲስ ትንሽ መኪና ተገለበጠች። ኩባንያው ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ ይህን መሣሪያ በሁሉም ላይ ገጠመ። አሜሪካም ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገችው። እዚያው አገር ያለው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመንገድ ደህንነት ተቋም እንደሚለው፣ መኪና ከሌላ ሳይጋጭ ብቻውን ስቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አቡሽ ግን ዝም ብሎ የሚያምን ልጅ አይደለም። «ፎርሙላ ዋን ላይ ይህ ነገር የለም፤ የዓለም ምርጥ ሾፌሮች ያለ እሱ ነው የሚነዱት» አለኝ። ልክ ነው። ውድድሩ ብዙዎቹን የኤሌክትሮኒክስ እርዳታዎች ለ1994 አገደ፤ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገውን በ2001 መልሶ ፈቀደ፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ከለከለ። ዓላማው የሾፌሩ ችሎታ እንዲታይ ነው። ነገር ግን እዚያ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ለሚወጣ ሰፊ ሜዳና የጎማ ክምር ተዘጋጅቶለታል፤ ሐኪም ቆሞ ይጠብቃል። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የለም።

እኔም በተራዬ የእሱ ትውልድ የሚያውቀውን ሰው አነሳሁበት፤ የ«ፋስት ኤንድ ፊሪየስ» ተዋናይ የነበረውን ፖል ዎከር። በኅዳር 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ በምትባል መኪና ተሳፍሮ ነው። መኪናዋ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ይህ የማረጋጊያ መሣሪያ ግን አልነበራትም። መሪ የያዘው ጓደኛው የመኪና ውድድር ልምድ ያለው ሰው ነበር። መርማሪዎቹ እንዳሉት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ ከ130 እስከ 150 ይሄዱ ነበር፤ ጎማዎቹም ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ነበሩ። እዚህ ላይ ግን ለልጁ ልክ የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ በዚያ ፍጥነትና በዚያ ጎማ መሣሪያው ቢኖርም ያድናቸው ነበር ማለት አይቻልም። ኮምፒውተር ያለውን ጉልበት ያከፋፍላል እንጂ መንገድ የሚቆነጥጥ ጎማ አይፈጥርም። አስፋልቱን የሚነካው እንደ መዳፍ የምታህል አራት ቁራጭ ላስቲክ ብቻ ነው።

ልጄ ሁለታችንንም ወደ አንድ የመንጃ ማሠልጠኛ ወሰደን። ሰፊ አስፋልት ሜዳ ነው፤ ውኃ ያፈሱበታል። አሠልጣኙ መጀመሪያ እርዳታውን አጥፍቶ አቡሽን አስነዳው፤ ልጁ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ከዚያ «አባት፣ እርስዎም ይሞክሩ» ተባልኩ። ሽማግሌው ሊያሳያቸው ነው ብዬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ዞርኩ፤ ሁለተኛውንም ዞርኩ፤ በሦስተኛው ጀርባዋ ሲሸሽ ዓይኔን መሄድ የምፈልግበት ላይ ተክዬ፣ መሪውን ቀስ አድርጌ መልሼ ያዝኳት። አቡሽ አጨበጨበልኝ። እርዳታው ሲበራ ግን በመጀመሪያው ሙከራ፣ ከሥር ግርር የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናዋ አልዞረችም። እኔ ሦስት ሙከራ አስፈለገኝ። መንገድ የሚሰጠው አንድ ነው።

ያም ሆኖ ያ ቀን ከንቱ አልነበረም። ልጁ መንሸራተት ምን እንደሚመስል በወገቡ አወቀው። እግርን በድንገት ማንሳት፣ መሪን አብዝቶ መጠምዘዝ ምን እንደሚያመጣ ገባው። ችሎታ አያስፈልግም የሚል ካለ እኔ አልስማማም፤ መሣሪያው የማያየውን ኩርባ፣ ቅጠል፣ ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ሕፃን ቀድሞ የሚያየው ሰው ነው።

ማታ ልጄ የራሱን ምሥጢር ነገረን። ታክሲ በሚነዳባቸው የክረምት ሌሊቶች፣ በበረዶ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ከኋላዋ ሁለት ጠመዝማዛ መስመር ያላት የመኪና ሥዕል ናት። መሣሪያው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። «መጀመሪያ ‹ጎሽ፣ መኪናዬ ጎበዝ ናት› እል ነበር። በኋላ ግን ብልጭ ባለች ቁጥር ‹አሁን እኔ አጥፍቻለሁ› ማለት ጀመርኩ። ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ጎበዝ ሾፌር ማለት መብራቷን የማያበራት ነው» አለ። የ28 ዓመት ልምድ ያለኝ ሰው ይህን ከልጄ ተማርኩ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ማለት በኮምፒውተር ዘመን ይኸው ነው።

ይህ የአሜሪካ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገራችን በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ገና ሲረገጥ ነው የሚሰጠው፤ ብዙዎቹ የቤተሰብ መኪኖች ድሮ ስፖርት መኪና ይባሉ ከነበሩት ጋር ይፎካከራሉ። በሌላ በኩል ይህ መሣሪያ የሌላቸው አሮጌ መኪኖችም በየግቢያችን ሞልተዋል። ስለዚህ ለልጃችሁ ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት መኪናችሁ መሣሪያው እንዳላት እወቁ፤ ቢጫዋ መብራት በርታ ከቀረች ወይም «ኦፍ» የሚል ጽሑፍ ካሳየች አስመርምሩ። የጎማውን ጥርስ ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዘመን እዩ፤ ከጎኑ ላይ ባለ አራት አሐዝ ተጽፏል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን አንደበታችሁን ጠብቁ። ከገደል ስለተረፋችሁበት ቀን ስትተርኩ፣ ገደሉ ጋ ሳትደርሱ ስለቀነሳችሁበት ቀንም ተርኩ። ታሪኩ አይደምቅም፤ ልጁ ግን ይተርፋል።

አቡሽ የቸርኬውን ዋጋ ከደሞዙ በየወሩ እየከፈለ ጨርሷል። ግማሹን እኔ ልክፈል ብል አባትየው እምቢ አለኝ፤ «እርስዎ በእውነት ከፍለዋል» ብሎ። ልጁ እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጤናዬ ከተጨዋወትን በኋላ እጠይቀዋለሁ። «ዛሬስ?» አንዳንዴ «አባባ፣ አንድ ጊዜ በርታለች፤ ቀነስኩ» ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ «አልበራችም» ይለኛል። ያን ዕለት ማታ ደህና እተኛለሁ።