«ሂጀ» እና «ሄጄ»

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ የጎጃም ልጅ በድርሰቱ «ገበያ ሂጀ፣ እንጀራ በልቸ» ብሎ ቢጽፍ፣ በቀይ ቀለም ሰርዤ «ሄጄ፣ በልቼ» ስል አረምኩት።

ልጁ ግን አልተሳሳተም ነበር፤ የአገሩን ደንብ ሳያዛንፍ ነው የሠራበት። እንዲያውም በግዕዝ «ነጊርየ» ሲባል የመድረሻው ፊደል ግዕዝ እንጂ ኃምስ አይደለምና፣ በዚህ በኩል ከእኔ ይልቅ እሱ ይቀርበዋል። በሌላ በኩል እሱ «ሄድሁ» ሲል እኔ «ሄድኩ» እላለሁ፤ ግዕዙም «ነገርኩ» ነውና እዚህ ላይ ቅርቡ እኔ ነኝ። ታዲያ የጠራው አማርኛ የማንኛችን ነው?

በሌላውም አገር ነገሩ ይኸው ነው። የደቡብ ጀርመን ሰው «ሄድኩ» ለማለት «ኢኽ ጊንግ» የሚለውን ነጠላ ኃላፊ ከዕለት ንግግሩ አውጥቶ፣ በረዳት ግሥ «ኢኽ ቢን ጌጋንገን» ይላል። የሰሜን ኢጣልያውም እንዲሁ «ሶኖ አንዳቶ» ሲል፣ የሲሲሊው «አንዳይ»ን አልተወም። ይህ ቃል ለሚላኖ ጆሮ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ በፓሌርሞ ግን ዛሬ ጧት ስለተሄደበት ገበያ እንኳ ይነገርበታል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ልጁ ከዚያ ወዲህ «ሂጀ» ብሎ አልጻፈም፤ በክፍል ውስጥም እጁን ማንሣት ተወ።