አንዷ ትወልዳለች፣ ሰማንያው ያሳድጋል

ፎቶዋን ያየ ሰው መጀመሪያ «ኧረ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይላል። ቆዳዋ ተሸብሽቧል፣ ጸጉሯ ከጥቂት ዘለላ አያልፍም፣ ዓይኗ ነጥብ ታህላለች፣ የፊት ጥርሶቿ ከከንፈሯ ውጭ ተገትረዋል። ውኃ ውስጥ ብዙ የቆየ ጣት ጥርስ ያበቀለ ነው የሚመስለው። ራቁቷ ፍልፈል ማለት እሷ ናት።

እንግዳ ግን አይደለችም፤ የአገራችን ልጅ ናት። ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የተጠቀመበት ናሙና የሸዋ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ዛሬም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ መሬት ሥር ትኖራለች። ደጋ ማሳ ላይ አፈር እየቆለለች ገበሬውን የምታማርረው ጸጉራሟ ፍልፈል ሌላ ናት።

ስለ ራቁቷ ፍልፈል ብዙ ጊዜ የሚወራው ዕድሜዋ ነው። እውነትም ያስገርማል። እሷን የምታህል የቤት አይጥ እየተቀለበች እንኳ ብዙ ኖረች ቢባል ሦስት አራት ዓመት ነው፤ ይቺ ግን 30 ዓመት ልታልፍ ትችላለች። ካንሰር የሚይዛት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ምንም ኦክስጅን በሌለበት 18 ደቂቃ ቆይታ እንደምትተርፍ አሳይቷል። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ንጥረ ነገር ቆዳዋ ላይ ቢደረግ አያማትም። ከሚጥሚጣ ጋር እልህ ለምንያያዝ ለኛ ይሄ ብቻውን ያስከብራታል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤታቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ አሌክሳንደር የሚባል የነፍሳት ሊቅ በየዩኒቨርሲቲው እየዞረ ያስተምር ነበር። እንደ ምስጥ አንዲት ንግሥት ብቻ የምትወልድለት፣ ሌላው የሚያገለግልበት አጥቢ እንስሳ ቢኖር ኖሮ ምን ይመስል ነበር? ብሎ በሐሳቡ ሣለው። መሬት ሥር ይኖራል፣ አፈሩ ጠንካራ ሸክላ ነው፣ ምግቡ ትልልቅ ሥራ ሥር ነው አለ። ከአድማጮቹ አንዱ ቴሪ ቮን ተነሥቶ «ይሄ የምትለው እኮ ራቁቷ ፍልፈል ናት» አለው። እንስሳቱን ከኬንያ አምጥታ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስታጠና የነበረችው ጄኒፈር ጃርቪስ በ1981 ባሳተመችው ጽሑፍ አረጋገጠችው። በሐሳብ የተሣለው እንስሳ መሬት ሥር ቁጭ ብሎ ኖሯል።

አንድ ቤት ውስጥ በአማካይ 70 እና 80 ይሆናሉ፤ እስከ 300 የሚደርሱበትም አለ። የምትወልደው አንዷ ንግሥት ናት፣ ከእሷ ጋር የሚገናኙትም ከአንድ እስከ ሦስት ወንዶች ብቻ። በአንድ ጊዜ ደርዘን ያህል ትወልዳለች። ሌላው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ሠራተኛ ነው። ይቆፍራል፣ አፈር ያወጣል፣ እባብ ሲመጣ ይጋፈጣል፣ ግልገል ያሞቃል፣ አደጋ ሲመጣ በአፉ ይዞ ያሸሻል።

ለምን እንዲህ ሆኑ? አገሩ ደረቅ ነው። የሚበሉት ሥር ትልቅ ቢሆንም የሚገኘው ተራርቆ ነው። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲለሰልስ ቶሎ ካልተቆፈረ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ብቻውን በጨለማ የሚቆፍር በረሃብ ያልቃል፤ ሰማንያ ሆኖ የሚቆፍር ግን አንዱ ቢስት ሌላው ያገኛል። ያገኙትንም ሙልጭ አድርገው አይበሉም። ውስጡን በልተው ልጣጩን ይተዉታል፣ ሥሩም መልሶ ያድጋል።

እስከዚህ ድረስ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? የሚለውን ካልጠየቅን ማለቴ ነው።

ንግሥቲቱ በየዋሻው እየዞረች ሠራተኞቹን ትገፋለች፣ ትጎሽማለች። እሷ ባለችበት የሴቶቹ እንቁልጢ እንደ ሕፃን ልጅ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ መካን ናቸው? አይደሉም! አንዷን ሠራተኛ ከቤቱ አውጥተው ለብቻዋ ሲያኖሯት በሳምንት ገደማ ውስጥ ሰውነቷ ለመውለድ መዘጋጀት ይጀምራል። ዓመታት የተዘጋው በር በሳምንት ይከፈታል። ተፈጥሮ አልነፈገቻትም፣ ቤቱ ነው ያልፈቀደላት።

በ2018 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አገኙ። ሠራተኞቹ የነፍሰ ጡር ንግሥታቸውን ዓይነ ምድር ይበላሉ (ይቅርታ፣ እራት ላይ ያላችሁ)። በእሱ በኩል የሚያገኙት ሆርሞን ለግልገል ድምፅ ጆሯቸውን ይከፍተዋል። ያልወለዱት የእናት ጆሮ ያወጣሉ ማለት ነው።

ይሄን ሳነብ እታለም ትዝ አለችኝ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አያቴ ስትሞት ታናናሾቿን ያሳደገችው እሷ ናት፣ ቀጥላ ደግሞ እኛን። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት «እነዚህን ለማን ጥዬ?» ብላ መልሳለች አሉ። ሰፈር ውስጥ ግን ታሪኳ በአንድ ቃል ነው የሚያልቀው፤ መካን። አንድ ቀን ቡና ላይ አንዷ ጎረቤት ይሄንኑ ዙሪያ ጥምጥም ስትጠይቃት፣ እታለም ወደኛ ዞራ «ከእናንተ ውስጥ ያላዘልኩት ማን አለ?» አለች። መልስ የሰጠ የለም፣ አልነበረማ።

አክስትን ከፍልፈል ጋር ማወዳደር ነውር ነው የሚል ካለ፣ እሷ ራሷ ሳነብላት ስቃለች። ፎቶውን ሳሳያት ግን «ወዲያ በልልኝ» አለች።

እንስሳቱን መላእክት አድርጌ መሣልም አልፈልግም። ንግሥቲቱ ስትሞት ለዓመታት አንገታቸውን ደፍተው የኖሩት ሴቶች ለዙፋኑ እስከ መገዳደል ይናከሳሉ። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የድምፅ ዘዬ እንዳለው አሳይቷል። ግልገል ሌላ ቤት ሲያድግ የዚያን ቤት ዘዬ ይማራል፤ ንግሥት ስትጠፋ ዘዬውም ይበተናል። ባዕድ ሆኖ የገባ ይነከሳል። አንድነታቸው ለውጭ ሰው ጥርስ ነው።

ደግሞም ከየቤቱ አልፎ አልፎ አንድ «ሰነፍ» ይወጣል። በ1996 የታተመ ጥናት የገለጸው ነው፦ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ሥራ ብዙም አይነካም። ከዚያ ዕድል ሲያገኝ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ከራሱ ቤት ሴት ይልቅ ባዕዷን ይመርጣል። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እነሱ ቤት እናትና ልጅ፣ ወንድምና እህት ይዋለዳሉ። አዲስ ደም የሚያመጣው ያ ሰነፍ የተባለው ነው። በየቤታችን «ምን ይሠራልናል» የተባለ ስንት ልጅ አለ?

ፍልፈሏ የምታሳድጋቸው እህትና ወንድሞቿን ነው። ሳትወልድ ብትሞትም ደሟ በእነሱ ይቀጥላል፣ የተፈጥሮ ሒሳብ በዚያ ይዘጋል። የሰው ሒሳብ ግን በደም ብቻ አይዘጋም። እኛ አፍ ተሰጥቶናል፣ መዝገብ አለን፣ ስም አለን። ያሳደገን ሰው በስሙ ካልተጠራ ዕዳው ይቀራል።

እታለም ዕድር ስትመዘገብ «ልጆች» የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ነው የተደረገው። ባለፈው ሄደን ስማችንን አስገቡልን አልናቸው። ደንቡ የሚለው የወለደችውን ነው፣ አይቻልም አሉ። እሺ፣ የዕድሩን ደንብ እኔ አላወጣሁትም። እዚህ ገጽ ላይ ግን የሚከለክለኝ ደንብ የለምና ልጻፈው፦ የእታለም ልጆች አምስት ነን።