ሊብሬው 10 ኩንታል ይላል

ሊብሬ ስንቀበል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ሦስት ነገር ነው፤ ስም፣ ሻንሲ ቁጥርና ሞተር ቁጥር። ስሙን የምናየው ሻጩ ራሱ ባለቤቱ መሆኑን ለማወቅ፣ ቁጥሮቹን የምናየው ደግሞ የተሰረቀ መኪና እንዳንገዛ ነው። እዚያው ሊብሬ ላይ የጭነት ልክ የምትናገር መስመር አለች። እሷን አንብቦ መኪና የገዛ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንብቦ የጫነማ ጭራሽ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ በዕቁብና በብድር የገዛናት አንድ ዲማክስ አለችን። ሲንግል ጋቢና፣ ኮድ 3። እሱ ይነዳል፣ እኔ ማታ ማታ ሒሳቧን እይዛለሁ። መቀመጫችን ደብረ ብርሃን ነው። የግንባታ ዕቃ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ታወርዳለች፣ ስትመለስ ሽንኩርት ወይም የተገኘውን ይዛ ትወጣለች። ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው 10 ኩንታል ነው።

ሲሚንቶ ሐቀኛ ዕቃ ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ሃያው አንድ ቶን ይሆናል፣ አለቀ። የሽንኩርትና የድንች ጆንያ ግን ስሙ ኩንታል ይሁን እንጂ አፉ በገመድ ተጠልፎ ከላይ ቁልል ስለሚሠራለት ትክክለኛ ክብደቱን የሚያውቀው የጫኙ ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወራው በሲሚንቶ ነው።

ደላላው ለፒካፕ የሚያቀርበው ጭነት 30 ከረጢት ነው። አንዳንዴ 32። "ዲማክስ እኮ ናት፣ ምን እንዳትሆን ብለህ ነው?" ይላል፤ ወንድሜ ሲያመነታ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ሌላ ሾፌር ይደውላል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሆኖ አይደለም። ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጠው በምልልስ ስለሆነ ብዙ ለሚጭን ይሰጣል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የነዳጁ ድጎማም ከ2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ነው የቆየው። ወጪው በወጣ ቁጥር ባለመኪና የሚያካክሰው በአንድ መንገድ ነው፤ ጥቂት ከረጢት በመጨመር።

ባለፈው ዓመት ባዶዋን ለማስመዘን ወሰንኩ። አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጋ የመኪና ሚዛን አለ፤ ትንሽ ከፍለን አወጣናት። ካሶኒው ላይ ያስበየድነው የብረት ፍርግርግ፣ ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የመፍቻ ሳጥኑ ሁሉ እንዳለ፣ ሰው ሳይኖርባት 1,820 ኪሎ መዘነች። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ አምራቹ የለጠፈው ጽሑፍ አለ። እዚያ ላይ መኪናው ከነጭነቱና ከነሰዎቹ በጠቅላላ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት ተጽፏል። የእኛ 2,900 ይላል።

እንግዲህ መቀነስ ነው። ከ2,900 ላይ 1,820 ሲነሳ 1,080 ይቀራል። ሾፌርና ረዳት አንድ ላይ 140 ኪሎ ናቸው እንበል። የቀረው 940 ነው። 18 ከረጢት ጭነን 40 ኪሎ ይተርፈናል፣ አሥራ ዘጠነኛውን ስንጨምር እናልፋለን። ሊብሬው የሚፈቅደው 10 ኩንታል ራሱ 60 ኪሎ ተርፎበታል፤ ምክንያቱም ሊብሬው የሚያውቃት ፍርግርግ ያልተበየደባትን፣ ከፋብሪካ የወጣችውን መኪና ነው። የደላላው 30 ከረጢት ሲጫን ደግሞ ጠቅላላው 3,460 ይሆናል። ከልኩ በላይ 560 ኪሎ።

ወንድሜ ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። ቆይቶ ግን የጠየቀኝን ጥያቄ ቀላል አድርጌ አላየሁትም፦ "ታዲያ አሥራ ሁለቱን ከረጢት ማን ይከፍለኛል?" ከሠላሳው አሥራ ሁለት ማለት ከገቢው 40 በመቶ ማለት ነው።

ደብል ጋቢና ያላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይብስባችኋል። ብዙ ሰው ደብሉ ትልቅ ስለሚመስል የበለጠ የሚሸከም ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠቅላላ ልኩ ብዙም ሳይለያይ ተጨማሪው ጋቢና፣ በሮቹና ወንበሮቹ ራሳቸው ጭነት ናቸው፤ ከካሶኒው ድርሻ ላይ ይቀነሳሉ። አንድ ቶን የሚችል ደብል ጋቢና 70 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ከተቀመጡበት 350 ኪሎው እዚያው ውስጥ አልቋል። የቀረው 650 ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ሰው ሞልቶ፣ ከኋላ በግና ጆንያ ጭኖ የሚሄደው ፒካፕ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

"ባሌስትራ አስጨምሩ" የሚለን ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ይሄኛው ምክር በጣም ያናድደኛል፤ ሥራው ስለሚመስል። ሁለት ቅጠል ታስጨምራለህ፣ መኪናዋ ከኋላ ከፍ ትላለች፣ 30 ከረጢት ጭና ቀጥ ብላ ትቆማለች። ግን ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬኑ አልተጨመረም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሻንሲው ያው ናቸው። እንዲያውም በብዙ ፒካፖች የኋላው ፍሬን ላይ ጭነቱን "የሚያይ" ቫልቭ አለ። የሚያየው በካሶኒው መውረድ ነው፤ ጭነት በዝቶ ካሶኒው ወደ አክስሉ ሲቀርብ ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ባዶ ሲሆን ጎማው እንዳይነክስ ይቀንሳል። ባሌስትራ አስጨምረህ ካሶኒው አልወርድ ሲል ቫልቩ መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። በጣም በተጫነችበት ሰዓት የኋላ ፍሬኗ በጣም ይሰንፋል ማለት ነው።

የሚታለለው ቫልቩ ብቻ አይደለም። ትራፊክ ፖሊሱ ሚዛን የለውም፤ የሚመዝነው በዓይኑ ነው። ኋላዋ የተቀመጠ መኪና ያስቆማል፣ ቀጥ ያለችውን ያሳልፋል። ባሌስትራ ሠሪው እንግዲህ ሳያውቀው ለሁለቱም መልስ ይሠራል።

ጎማ ላይም እንደዚያው ነው። ጎናቸው ላይ ከመጠን ቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ቁጥር አለ። 112 ካለ ያ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፣ 100 ካለ 800 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ለአንድ ጎማ 320 ነው። ፒካፕ ላይ ከልክ ያለፈ ጭነት የሚያርፈው ከሞላ ጎደል በሙሉ የኋላው አክስል ላይ ስለሆነ 30 ከረጢት ስትጭን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከ2 ቶን በላይ ይሸከማሉ። ባለ 100 ጎማ የገጠመ ሰው ለሁለቱ ያለው 1,600 ነው። ዋጋው ቀነስ ስላለ ብቻ የአውቶሞቢል ጎማ ፒካፕ ላይ የሚያስገጥም ስንት ሰው አለ!

አሁን አንባቢ "መንግሥት ሚዛን ጣቢያ የሠራው ለምን ሆነና?" ሊል ይችላል። ሞጆም ሱሉልታም ሚዛን አለ፣ እውነት ነው። ግን እነዚያ ሚዛኖች የቆሙት ለመንገዱ ነው፤ ለከባድ መኪና። ምክንያቱም የታወቀ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ አጠገብ የሙከራ መንገድ ሠርተው ከባድ መኪና ሲያመላልሱበት ያገኙት ነገር አለ፦ መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአክስሉ ክብደት ልክ ሳይሆን ወደ አራተኛ ኃይል በቀረበ ፍጥነት ነው። 10 ቶን ሊይዝ የሚገባው አክስል 12 ከያዘ ጭማሪው 20 በመቶ ቢሆንም ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። በዚሁ ሒሳብ ግን 2 ቶን የያዘ የፒካፕ አክስል ከ10 ቶኑ አክስል ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ስድስት መቶ ሃያ አምስት ጊዜ ያንሳል። ፒካፕ አስፋልት አይሰብርም። ስለዚህ መንገድን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት እኛን ለማስቆም ምክንያት የለውም፣ ሌላው ደግሞ ሚዛን የለውም። በመሀል ቤት እኛ እንዳሻን እንጭናለን።

ፒካፕ የሚሰብረው ሰው ነው። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያን ሁሉ ከፍታ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መውረድ ነው። መኪና ሲወርድ ያጠራቀመውን ጉልበት የሚበላለት ማርሽና ፍሬን ነው፤ ፍሬን ደግሞ የሚበላውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። 2,900 ሆና ልትወርድ የተሠራች መኪና 3,460 ሆና ስትወርድ ያ ሙቀት አንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል። ወንድሜ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚያወርዳት። እሱ ጎበዝ ሾፌር ነው፣ አምነዋለሁ። ከፊቱ ድንገት ለሚገባው አህያና ለትምህርት ቤት ልጅ ግን የእሱ ጉብዝና ብቻውን አይበቃም።

የምናውቀው አንድ ባለፒካፕ 32 ከረጢት ጭኖ ሲወርድ የኋላ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ተገልብጦ፣ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ጫኝ እግሩ ተሰበረ። ልጁ ዛሬም ያነክሳል፤ ጫኝ ሆኖ የሚያነክስ ሰው ምን ሠርቶ እንደሚበላ አስቡት። ባለቤቱ ሙሉ ዋስትና ነበረው። ኢንሹራንሱ የላከው ሰው ግን ከረጢት ሲቆጥር አልዋለም፤ የመጋዘኑን መውጫ ደረሰኝ ጠየቀ። ደረሰኙ 32 ይላል። ሊብሬው 10 ኩንታል ይላል። ለራሱ መኪና የጠየቀው ካሳ በዚያው ውድቅ ሆነ። ያቺ ማንም የማያነባት መስመር በመጨረሻ አንባቢ አገኘች።

ቺካጎ ያለው የአክስቴ ልጅ በፒካፕ የቤት ዕቃ ያመላልሳል። እነሱ ጋ ታርጋው ራሱ የክብደት ነገር ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ለተራ ፒካፕ የሚሰጠው የቢ ታርጋ መኪናውም ጭነቱም ተደምሮ እስከ 8,000 ፓውንድ፣ በእኛ 3,600 ኪሎ ግድም ነው። ከዚያ በላይ የሚጭን ሰው አስቀድሞ ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ ሌላ ፊደል ያለው ታርጋ ያወጣል። ፖሊሱ ከሩቅ ፊደሉን አይቶ ለስንት እንደተመዘገበ ያውቃል። ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ባለመኪኖች "በቃ እኛም እንክፈልና ሊብሬው ላይ 15 ኩንታል ይጻፍልን" አሉኝ። አይሆንም። እዚያም ቢሆን ታርጋ መቀየር የአምራቹን ልክ አያሳድግም፤ ክፍያው ለመንገዱ ነው፣ ፍሬኑ ክፍያውን አያውቅም። ደስ የሚለኝ ሌላው ነገራቸው ነው፦ የሚመዘገበው ቁጥር ጠቅላላው ነው። ባዶው፣ ጭነቱ፣ ሰው፣ ፍርግርጉ፣ ሁሉም። የእኛ ግን የጭነቱን ብቻ ነጥሎ ይጽፋል፤ መኪናው ላይ ብረት በጨመርክ ቁጥር ያ ቁጥር እየዋሸ ይሄዳል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ ለማሳደስ ሁላችንም እንሰለፋለን፤ ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስ ይታያል። መኪናው እዚያ የሚቆመው ባዶውን ነው፣ ፍሬኑም የሚፈተነው ባዶውን። እዚያው ላይ ሚዛን አስቀምጦ ባዶ ክብደቱን መያዝ፣ ከአምራቹ ጠቅላላ ልክ ቀንሶ የቀረውን ኪሎ ሊብሬው ላይም በሩ ላይም በቀለም መጻፍ ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ሞተርና ቀለም ሲቀየር ሊብሬ ላይ ይሰፍር የለ? የተበየደ ፍርግርግና የተጨመረ ባሌስትራም ይስፈር። በሩ ላይ 940 ኪሎ ከተጻፈ ትራፊኩ የሲሚንቶውን ደረሰኝ ተቀብሎ በ50 ያባዛል። ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

የወንድሜ ጥያቄ ግን በዚህ አይመለስም። እሱ ብቻውን 18 ቢጭን ሥራው 30 ለሚጭነው ይሄዳል። ሁሉም 18 እንዲጭን ከተደረገ ዋጋው ራሱ ወደ 18 ይስተካከላል፣ ወይም ሲሚንቶው ለሲሚንቶ በተሠራ መኪና፣ በአይሱዙ ይሄዳል። ከዚያም የተወሰንነው ባለፒካፖች ከሥራ እንወጣ ይሆናል። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፈው፤ የባንኩ ብድር ገና 14 ወር ይቀረዋል።

ለጊዜው የተስማማነው ይህ ነው፦ ቁልቁለት ሲሆን 18 ከረጢት፣ ጭነት ላይ ሰው አይቀመጥም፣ የኋላ ጎማ ባለ 112። ለዚያ የሚሆን ደንበኛ ፍለጋ ከጥቃቅን ዕቃ ነጋዴዎች ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ቧንቧ፣ የመብራት ዕቃ፣ ቀለም፤ ቦታ እንጂ ክብደት የማይበዛው። ቀለሙ እንኳን ስንመዝነው ከጠበቅነው በላይ ከባድ ሆኖ አገኘነው።

ፒካፓችሁን ሚዛን ላይ ያወጣችሁ ካላችሁ ባዶ ክብደቱንና በሩ ላይ ያለውን ጠቅላላ ልክ ጻፉልኝ። የሃይሉክስ ደብል ጋቢና በተለይ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ያገኘሁት የሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ፍርግርግ የሌላቸው።