የ14 ፔሴታ ሒሳብ

«1 ፍራንክ፣ 14 ፔሴታ» የሚለው ርእስ በባንክ መስኮት ላይ የተለጠፈ የምንዛሪ ማስታወቂያ ይመስላል። ስፔናዊው ተዋናይ ካርሎስ ኢግሌሲያስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለተመልካች ያቀረበውን የመጀመሪያ የአዘጋጅነት ሥራውን በዚህ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በስዊዘርላንድ ለሚሠራው ስፔናዊ ወዛደር የሚጠጣው ቡና፣ የሚሳፈርበት ባቡር፣ የሚከፍለው የቤት ኪራይ፣ ደመወዙም ጭምር፣ ሁሉም በ14 ተባዝቶ ነው የሚታየው። ከዚህ ስሌት ውጭ የሚቀረው ዕድሜው ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ቶሎ አያስታውሰውም።

የፊልሙ ታሪክ የሚጀምረው በ1960 ነው። ማርቲንና ማርኮስ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ቤተሰቦቻቸውን ስፔን ትተው ወደ ስዊዘርላንድ ያቀናሉ፤ በአንዲት ውብ የኢንዱስትሪ ከተማም በፋብሪካ መካኒክነት ይቀጠራሉ። ማርቲንን ኢግሌሲያስ ራሱ፣ ማርኮስን ሐቪየር ጉቲየሬዝ ይጫወቱታል። ቋንቋው ያልገባው፣ ወጉ ያልተገለጠለት እንግዳ የሚደናገረው መደናገር የሳቁ ምንጭ ነው። አዘጋጁ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር በስዊዘርላንድ የኖረ ሰው በመሆኑ ግን ሳቁ ከሩቅ የሚመለከት ሰው ፌዝ አይደለም። አባቱንና የአባቱን ጓደኞች እንደሚያስታውስ ልጅ ነው የሚስቀው።

በአማርኛችን «ተሰደደ» የሚለው ግስ ከ«ሰደደ» የተገኘ ነው፤ ሰዳጅ ሳይኖር ተሰዳጅ አይኖርም። እነማርቲንን የሰደዳቸው ማን ነበር? የፍራንኮ መንግሥት በ1959 ባወጣው የኢኮኖሚ ማረጋጊያ ፕላን 1 የአሜሪካ ዶላር በ60 ፔሴታ እንዲመነዘር ወሰነ፤ የደመወዝ ጭማሪ ታገደ፤ ሥራ አጡም በዛ። የስደቱን ጉዳይ የሚመራ መንግሥታዊ ተቋም ደግሞ ቀደም ብሎ በ1956 ተቋቁሞ ነበር። ከምዕራብ ጀርመን ጋር በ1960፣ ከስዊዘርላንድ ጋር በ1961 የሠራተኛ ስምምነት ተፈረመ። እስከ 1973 ድረስ 1 ሚሊዮን ያህል ስፔናውያን ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለሥራ ሄዱ። ሥርዓቱ ሥራ አጡን ወደ ውጭ ልኮ በምትኩ የውጭ ምንዛሪ ተቀበለ። ፊልሙ ይህን ሁሉ አይሰብክም፤ ርእሱ ላይ ያለው 14 ቁጥር ይበቃዋል።

በዚያው በስደቱ ዘመን የተሠራ ሌላ ሳቅ ነበር። ፔድሮ ላሳጋ በ1971 ባዘጋጀው «ወደ ጀርመን ና፣ ፔፔ» በተባለው ፊልም አንድ ስደተኛ በመርሴዲስ መኪና ተንፈላስሶ ወደ መንደሩ ይመለስና ስለ ጀርመን ተአምር ያወራል። በአልፍሬዶ ላንዳ የተተወነው ፔፔ ወሬውን አምኖ ሙኒክ ይወርዳል፤ እዚያ የሚጠብቀው ግን ሲነጋም ሲመሽም ሥራ ብቻ ነው። በመጨረሻ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ እርሱም በተራው የመንደሩን ሰዎች ሰብስቦ ያንኑ ተረት ይተርክላቸዋል። ፍራንኮ በሕይወት ነበርና፣ ሳንሱርም ነበርና፣ ፊልሙ ሰውየውን ወደ ቤቱ መልሶ ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። ያም ሆኖ ያች የመጨረሻዋ ውሸት ከሳንሱሩ መቀስ አምልጣለች። በአገሩ ሰው ፊት ተዋርጄ ኖርሁ ለማለት የሚደፍር ስደተኛ ስንቱ ነው?

ኢግሌሲያስ ከ35 ዓመት በኋላ የተነሣው ላሳጋ ከቆመበት ነው። የማርቲን ሚስት ፒላር ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ የማርኮስም እጮኛ ትከተላለች፤ የሁለቱ ወንዶች የግል ነፃነት ያበቃል። ቀልዱ ወደ ድራማ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። በኒየቬ ዴ ሜዲና የተተወነችው ፒላር ከተሰጣት የበለጠ ጊዜ ይገባት ነበር፤ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ይህን ትዕይንት እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። ፊልሙ ለስዊዘርላንድም ቸር ነው። በዚያን ጊዜ የወቅት ሠራተኛው በዓመት 9 ወር ብቻ እንዲሠራና ቤተሰቡን እንዳያመጣ ሕግ ይከለክለው እንደነበር፣ በድብቅ ገብተው ድምፃቸውን አጥፍተው በቤት የተዘጉ ልጆች እንደነበሩ፣ ከተራሮቹ ውበት ጀርባ ተሸፍኖ ይቀራል። ያ ደንብ የተሻረው በ2002 ነው።

ከዚያ የማርቲን አባት ይሞታሉ። ማርቲን ያጠራቀመው ገንዘብ አገር ለመግባት ይበቃል ብሎ ያስባል፤ ሒሳቡም ልክ ነው። መመለሱ ግን ከመሄዱ ይከብደዋል። ሲሄድ የማያውቀው አገር እንግዳ እንደሚሆንበት ያውቅ ነበር፤ ሲመለስ ግን የገዛ አገሩ እንግዳ ይሆንብኛል ብሎ አልጠበቀም። ገንዘቡ ተመንዝሮ እጁ ገብቷል፤ በባዕድ አገር ያለፉትን ዓመታት የሚመነዝር ባንክ ግን አላገኘም። ላሳጋ መፍትሔ አድርጎት የነበረው መመለስ በኢግሌሲያስ ዘንድ አዲስ ችግር ሆነ።

ፊልሙ በታየበት በ2006 ዓመት ከ31,000 በላይ ስደተኞች ከምዕራብ አፍሪካ በጀልባ ተነሥተው የስፔን ግዛት በሆኑት የካናሪ ደሴቶች ደርሰዋል፤ ውቅያኖስ ላይ የቀሩትን የቆጠራቸው የለም። የማርቲን የዕድሜ እኩዮች ያን ምሽት ከሲኒማ ቤት ወጥተው ዜናውን በቴሌቪዥን አይተው ይሆናል።

በ2014 የስፔን ወጣቶች በኢኮኖሚው ቀውስ ምክንያት እንደገና ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች ሲጎርፉ፣ ኢግሌሲያስ ተከታዩን ፊልም አወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1974 ሲሆን፣ ርእሱም «2 ፍራንክ፣ 40 ፔሴታ» ነው። ያው ፍራንክ 20 ፔሴታ ገብቷል።