ጢጥ!

ቆቦ፣ እናቴ ቤት፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የያዘው አሮጌ ዴስክቶፕ አልነሳ አለ። ስክሪኑ ጥቁር፤ ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ ብቻ። ‹‹አለቀልኝ!›› ብዬ አለቀስኩ። የሰፈራችን ጠጋኝ ግን ሳቀብኝ፤ ‹‹እህቴ፣ እየነገረሽ እኮ ነው!››

ለካ ኮምፒውተር ሲበራ፣ ዊንዶውስን ከመጥራቱ በፊት፣ ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውን፣ ቪዲዮ ካርዱን ይፈትሻል። ከ1981 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስክሪን ላይ መጻፍ ካልቻለ በድምፅ ይናገራል። በብዙዎቹ አንድ አጭር ጢጥ ‹‹ደህና ነኝ›› ማለት ነው፤ የኔው ድግግሞሽ ደግሞ ‹‹ሚሞሪዬን እዩልኝ›› ነበር።

ልጁ ሚሞሪውን ነቀለ፣ የራያን አቧራ ጠረገ፣ ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጎ መለሰው። ጢጥ! አንዴ ብቻ። ጽሑፌ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል።

ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ምንጬ እየተናገረ ማልቀሴ አይገርማችሁም?